አለቀ እንዴ?

ከአራዳ ገበያ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ሠላሳ ሁለት ሰው፣ አግዳሚ ወንበር፣
መግቢያው አሥር ብር።
ትኬት የምቆርጠው፣ መብራት የማጠፋው፣ የማስጀምር እኔ፤
ፊልሙን ሦስቴ አይቼው፣ የሰው ፊት ማየት ነው ያማረው ዓይኔ።

ሰፊ ደረቅ ሜዳ፣ ሽቦ የታጠረ፤
ከብት አርቢው ወንድሙን ሲፈልግ ከጉድጓድ ወድቆ የቀረ፤
ገዳዩ ቦቴ ነጂ፣ ውሃ የሚያድል፣
ቀድቶ እያጠጣ ነው ሰው የሚገድል።
ሸሪፉ ወገቡን ይዞ ይደርሳል፤
ሁልጊዜ ይደርሳል፤
ሬሳው ከቀዘቀዘ፣ ዝንቡ ከሰፈረ በኋላ ይደርሳል።
በመጨረሻውም መኪናው ውስጥ ገብቶ
ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም፤ ዳቦውን አውጥቶ
ይገምጣል። ነፋስ ነው። ያ ቦቴ ከሩቅ ይታያል፤ ያንሳል፤
ያንሳል፤
ጨለማ።

ጣራው ላይ ዝናብ ብቻ።
ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፦
«አለቀ እንዴ?»

ማማይ ነው። ባጃጁን አቁሞ፣ የአዘዞን ኮንትራት ትቶ የመጣ፤
«ብሬን መልስ!» አለኝ፤ ግንባሩ ላይ ያች ሥር እንደ ገመድ ወጣ።
«ገዳዩ ሳይያዝ፣ የሟች ወገን ሳይነሳ፣
አንድ ወንድ ሳይፎክር፣ ደም መላሽ ምንሽሩን ሳያነሳ፣
ሸሪፍ ዳቦ ሲገምጥ ልይ? ለዚህ ነው የመጣሁ?
እኔ ብሆን ኖሮ...» እጁን ወደ ወገቡ ላከ፤
ስልኩን መዘዘ። ባትሪ የለው።

እንየው፣ ከማራኪ ግቢ፣ የቴአትር ተማሪ፣
ብቻውን አጨበጨበ፤ «ዝምታው!» አለ፣ «ዝምታው ተናጋሪ!
ሰማዩ የስክሪኑን እኩሌታ ሲይዝ አያችሁ?»
«ሰማይ ለማየትማ» አለ አንዱ፣ «ምን አሥር ብር አስወጣችሁ?
ደጁ ክፍት ነው፣ ይኸውላችሁ።»

አያ ጫኔ በትሩን ተመርኩዞ ጉሮሮውን ጠራረገ፤
ስንቱን ደም ያደረቀ፣ ስንቱን ባላንጣ ያስታረቀ።
«እኔ ያጣሁት ሽማግሌ ነው፤
ያን ያህል አገር አሳዩን፣ አንድ ዋርካ የለው!
ገዳዩን ድንጋይ አሸክሞ ማን ያምጣው? ማን ደሙን ያድርቀው?
ገዳይ ብቻውን፤ ዳኛ ብቻውን፤ ሟችም ለብቻው፤
ሁሉም በየመኪናው።»
ወደደው? ጠላው? እንጃ።

አሥር አለቃ አየልኝ ባርኔጣው ከጉልበቱ አልተነሳም።
ሠላሳ ዓመት ፖሊስ፣ ሦስት ዓመት ጡረታ፣ ብዙ ቃል አይወድም።
«እውነቱን ነው» አለ። «እንዲሁ ነው። መዝገቡን ትዘጋለህ፤
ከዚያ ሆድህ ይጮኻል፤
ታፍራለህ፤
ትበላለህ።»

በሩ ሥር ጥሩአይነት ቆማለች፣ ቅቅል ድንች የምትሸጥ፤
ከፍላ ገብታ አታውቅም፤ በመጋረጃው ቀዳዳ ነው የምታይ፣ ሳትቀመጥ።
ወንድሟ ከቀሃ ድልድይ ሥር ከተገኘ ዘጠኝ ዓመቱ፤
መርማሪው እሱ ነበር። መዝገቡ ተዘጋ፣ በከንቱ።
ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰው ሁሉ ወለሉን አየ።
«አሥር አለቃ» አለችው፣ ድምጿ ሳይለወጥ፣ «ያን ዕለት ምን በላህ?»
ብዙ ቆየ።
«ክክ ወጥ» አላት። «ቀዝቅዞ ነበር።»
ራሷን ነቀነቀች፤ ሳፋዋን አንስታ ወጣች፤
አልጠየቀችም ሌላ ነገር።

ለማማይ አምስት ብር መለስሁለት፤
አምስቱን ለዝናቡ መጠለያ ቆረጥሁበት።

በማግሥቱ ያንኑ ከፈትሁ፤ ሌላ አልነበረኝም።
ከሁሉ ቀድሞ ማን መጣ? ማማይ፤ በብሩም አልተከራከረኝም።
ከፊት ተቀመጠ፣ ሁለት ተሳፋሪ አስከትሎ፤
«ደግሞ ምን ልታይ?» ብለው፣
«ሞተሩን» አለኝ፤ «ማን ያውቃል፣ ዛሬ ቢነሳ» ብሎ።